ጎመኑን የነቀለው ገበሬ

የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት፣ ከኮሌጅ በወጣሁ በዓመቱ፣ አንድ ቤተሰብ የጓሮ ጎመኑን ነቅሎ እንዲጥል አድርጌአለሁ። ክፉ አስቤ አልነበረም፤ የማውቅ መስሎኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት እናኑ የምትባል ወጣት እናት ልጇን ለማስመዘን እኔ ወደምሠራበት ጤና ኬላ መጣች።

«እትዬ፣ ካሎሪ ስለሚባለው ነገር በሬዲዮ ሲያወሩ ሰማሁ። ከጎመንና ከድንች ብዙ ያለው የቱ ነው?»

«ድንቹ።»

«እንግዲያ ለዚች ከሲታ ድንች ብቻ ልስጣት? ጎመኑንማ ገና ስታየው ፊቷን ታዞርብኛለች። የአባቷ ልጅ።»

ቁጭ በይ አልኳትና ይህን ነገርኳት።

አንድ ገበሬ ነበረ። ከቤቱ ጀርባ ሁለት መደብ ነበረው፤ በአንዱ ድንች፣ በሌላው ጎመን። አንድ ቀን የተማረ እንግዳ ሚዛንና ወረቀት ይዞ መጣ። ከሁለቱም እኩል መዘነና ወረቀቱን አየ። «መቶ ግራም ቅቅል ድንች ሰማንያ ያህል ካሎሪ አለው፤ ጎመኑ ሠላሳ ቢሞላ ነው። ካሎሪ ጉልበት ነው። ምን ብለህ ለቅጠል መሬት ትሰጣለህ?» አለው።

ገበሬው የተማረ ሰው ያከብር ነበር። በማግስቱ ጎመኑን ነቅሎ ለላም ሰጠና በመደቡ ላይ ድንች ተከለ። ሚስቱ ግን አጥር ጥግ ያለችውን አንዲት እግር አላስነካችም። ለዘር የተተወች፣ አበባ የያዘች ጎመን ነበረች። «ይቺ ወጥ አትሆን፤ ምን አደረገችህ?» አለችው። ተዋት።

ቤቱ ድንች በድንች ሆነ። ልጆቹ ጠገቡ፤ የትንሿም ልጅ ጉንጭ ሞላ። ወራት ሲያልፉ ግን ልጅቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በርጩማ ያደናቅፋት ጀመር። ከደጅ ስትጠራ ግድግዳ እየዳበሰች ትመጣለች። ወንድሞቿ «ዶሮ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ» እያሉ ይስቁባታል፤ ዶሮ ሲመሽ አያይምና። አባቷ ግን መሳቅ አልቻለም።

ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ሐኪሙ ለዓይኗ ቫይታሚን ሰጣትና «ጎመን ትበላለች?» ብሎ ጠየቀው። ገበሬው ቤቱ ሲደርስ ሳይቀመጥ ዶማውን አነሣ፤ ገና ያበበውን ድንች ገልብጦ የመደቡን እኩሌታ አለሰለሰ። ሚስቱ የዚያችን የአጥር ጥግ ጎመን ፍሬ በመዳፏ አሽታ አመጣችለት። አብረው ዘሩት። እስኪደርስ ጎረቤት ቅጠል ይሰጣቸው ነበር፤ እናትየዋም ዘይት ጠብ አድርጋ ከድንቹ ጋር ታበላታለች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ልጅቱ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ ለቅማ ቅርጫታቸው ውስጥ አስገባች። አባቷ በር ላይ ቆሞ ያያት ነበር።

ይህን ብዬ ወደ እናኑ ዞርኩ። «ካሎሪ እንደ ማገዶ ነው። ድንች ብዙ ማገዶ አለው፤ ልጅሽ ከሲታ ናትና አትንፈጊያት። ጎመን ግን እንደ ኩራዝ ነው። ማገዶ የሚመዝን ሚዛን መብራትን አይመዝንም፤ ቤት ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋል። ጎመኑን አድቅቀሽ ከድንቹ ጋር ለውሺው፤ ፊቷን ወዴት እንደምታዞር ግራ ይገባታል።»

እናኑ ሳቀች። ከዚያ «እንግዳውስ?» አለች።

«እንግዳው እኔ ነኝ።»

ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። «ሄደሽ ይቅርታ ጠየቅሻቸው?»

«ዘንድሮ ነው ድፍረቱን ያገኘሁት። ልጅቱ አግብታ ሄዳለች፤ ዓይኗ ደህና ነው። እናትየዋ ስሰናበታት የጎመን ዘር በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ።»

ቋጠሮውን ከመሳቢያዬ አወጣሁና ፈትቼ ለእናኑ ቆንጠር አድርጌ ሰጠኋት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

በዚያ ዓመት ሚዛኔን ይዤ ስንት ቤት እንደገባሁ አላስታውስም። ይህን የምታነቡ፣ ከነዚያ ቤቶች በአንዱ ያደጋችሁ ካላችሁ፣ ይቅር በሉኝ።