የጣቢያው ካሴትና የገበሬው ግጥም

ታሪኩን በትክክል ስለማስታወሴ እርግጠኛ አይደለሁም። ጋሽ ውብሸት ሲነግሩኝ ምሳ ሰዓት ነበር፤ እጄ ወጥ ስለነካ ማስታወሻ አልያዝኩም። ስለዚህ ያልጨበጥኩት ቦታ ላይ ስደርስ «ይመስለኛል» እላለሁ።

ጥያቄው ግን የራሴ ስለሆነ አልረሳሁትም። የምሠራው በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የሕግ ክፍል ውስጥ ነው። ጣቢያችን ከየሰፈሩ የሰርግ ዘፈን የሚችሉ እናቶችን እየጋበዘ የሚያዘፍንበት አዲስ ዝግጅት ሊጀምር ነበር። እንግዶቹ ከመቀረፃቸው በፊት የሚፈርሙበትን ቅጽ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። «ጣቢያው የቀረፀው ሁሉ የጣቢያው ንብረት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። መልሼ ጻፍኩት። ቅጹ በማግሥቱ ይፈለግ ነበርና የጣቢያችን የሕግ አማካሪ የሆኑትን ጋሽ ውብሸትን ካፍቴሪያ ውስጥ አግኝቼ፣

«ጋሼ፣ እኛ የቀረፅነው በሙሉ የኛ ነው ማለት ይቻላል?» አልኳቸው።

«ማለትማ ይቻላል» አሉ። «ብላ እንጂ፣ ቀዘቀዘብህ እኮ!»

ጥቂት ጎርሰው ይህን ነገሩኝ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። በወጣትነቱ ሲያገባ፣ ሙሽሪትን በበቅሎ ይዞ ሲመለስ ከነካባው ጭቃ ላይ ወደቀ። በቅሎዋ ሙሽሪትን ብቻዋን ይዛ መንገዷን ቀጠለች። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እንዲረሳለት ይለምን ነበር። እሱ ግን ግጥም ገጠመበት፦

በቅሎዬ ስትሰግር ኮርቻዋ ላልቶ፣
ሙሽራው ወደቀ ሙሽሪትን ትቶ።

ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ሰርግ በተደገሰ ቁጥር፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ሲያነሣ ገበሬው ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል። ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፣ የገበሬው ሚስት በሳቅ ትፈርሳለች።

አንድ ጊዜ የቴሌቪዥን ሰዎች ወደ አንድ ሰርግ መጥተው ይህን ዘፈን ቀረፁ። ከተማ ተመልሰው ኤዲት ሲያደርጉ፣ ገበሬው «ተቀበል» ብሎ ግጥሙን የሚሰጥበትን ቦታ ቆርጠው ጣሉት። ዘፈን የሚጀምረው ዘፋኙ አፉን ሲከፍት መሰላቸው፤ ከዚያ በፊት ያለውን የሰርገኛ ጩኸት ነው አሉት።

ዘፈኑ ተወደደ። ስለወደቀው ሙሽራ ያልዘፈነ አልነበረም። ሌላ ጣቢያም ያንኑ አዝማሪ ጋብዞ አዘፈነው። ይሄኔ የመጀመሪያው ጣቢያ ተቆጣና «ዘፈኑ የኛ ነው» ብሎ አዝማሪውን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ አዝማሪው ዘፈኑን የትም ቦታ እንዳይዘፍን አገደ።

በዚያው ሰሞን ገበሬው ልጁን ሊድር ነው። ልጅቷ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። «የአባዬ አወዳደቅ ሳይዘፈን ከቤት አልወጣም» አለች። ገበሬው አዝማሪውን ሊጠራ ሄደ።

«እሑድ እመጣለሁ ጌታዬ» አለ አዝማሪው፤ «ያቺን ግን አልዘፍናትም። ታግዳለች።»

«ማን አገዳት?»

«ፍርድ ቤት። የጣቢያው ናት እየተባለ ነው።»

«እንዴ! የወደቅሁት እኔ!»

ቀጠሮው ዓርብ ነበር፣ ይመስለኛል። ገበሬው ሚስቱን አስከትሎ ችሎት ገባና «ግጥሙ የኔ ነው» አለ። በሰዎች ክርክር ውስጥ «እኔንም ይመለከተኛል» ብሎ የሚመጣ ሰው በሕግ ጣልቃ ገብ ይባላል። ዳኛዋ፣

«እርስዎ ጣልቃ ገብ ነዎት?» ብለው ጠየቁት።

«እኔ?» አለ ገበሬው። «ጣልቃ የገቡትስ እነሱ ናቸው፤ በኔ ሰርግ!»

የጣቢያው ጠበቃ ተነሣ። ጎበዝ ነው፤ ጎበዝ መሆኑንም ያውቃል። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ማንም ተነሥቶ የኔ ነው ሊል ይችላል። እኛ ግን ማስረጃችን በካሴት ነው» አለ። በቴሌቪዥን የተላለፈውን ቅጂ ቢያሳይ ይበቃው ነበር። ነገር ግን «ተነካክቷል» እንዳይባልበት ብሎ፣ ከካሜራው የወጣውን፣ መቀስ ያልነካውን ካሴት ከጣቢያው አስመጣ። ራሱ አስቀድሞ አላየውም። አንድ ጠበቃ ያላየውን ማስረጃ እንዴት ያቀርባል? አቀረበ።

ካሴቱ ተከፈተ። መጀመሪያ የዳሱ ጫጫታ መጣ፤ ቀጥሎ ማሲንቆ። ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ «ተቀበል!» አለ። አዝማሪው «እሺ ጌታዬ!» አለ። ጎርናናው ድምፅ ሁለቱንም ስንኝ አንድ በአንድ ሰጠ። አዝማሪው ገና ከመጀመሩ፣ ከጀርባ አንዲት ሴት እንዲህ ስትል ተሰማች፦

«ውሸታም! ኮርቻው መች ላላ? ጠጅ ነው የጣለህ!»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ዳኛዋ ፊታቸውን በመዝገብ ሸፈኑ። የገበሬው ሚስት ከኋላ ወንበር ብድግ ብላ «አሁንም እላለሁ!» አለች። አዝማሪው ሳቀ፣ ፖሊሱ ሳቀ። ጠበቃው ሳቁን ሊይዝ ታገለና እሱንም አመለጠው፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ዳኛዋ መዝገቡን ዝቅ አድርገው፣ «ተጨማሪ ማስረጃ አለዎት?» አሉት።

«የለኝም፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ ጠበቃው። «የቀረበው ይበቃኛል።»

እግዱ እዚያው ተነሣ። የተቀረፀው ምስልና ድምፅ የጣቢያው ነው፤ ያንን ቅጂ ማንም ሳያስፈቅድ አያሰራጭ ተባለ። ግጥሙ ግን የገበሬው ነው፤ ሲተላለፍ ስሙ ይጠራ ተባለ። ገበሬው የፈለገው ሌላ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የተቆረጠው ቦታ ይመለስ አለ። ሚስቱም «የኔም ይመለስ» አለች። ዳኛዋ «የእሷም ይመለስ» አሉ። ይህን ጋሽ ውብሸት ከራሳቸው ጨምረው ይሆን እላለሁ።

እሑድ ዕለት አዝማሪው ማሲንቆውን ሲያነሣ ገበሬው ብቻውን አልተነሣም። ዳሱ ሙሉ ሰው በአንድ አፍ «ተቀበል!» አለ። ልጅቷም እየሳቀች ከቤት ወጣች።

ጋሽ ውብሸት እጃቸውን ታጥበው መጡና ወደኔ ዞሩ።

«እንግዲህ ናሆም፣ ያ ጣቢያ እኛ ነን። የምትጋብዟቸው እናቶች ደግሞ ያ ገበሬ ናቸው። እኛ በካሜራ የያዝነው የኛ ነው፤ እሱን ማንም ቢሰርቀን ተሟገት፣ አትፍራ። ዘፈኑ ግን እዚህ ግቢ ውስጥ አልተወለደም፤ ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ነው። እሱን በአንድ ፊርማ ከወሰድክባቸው አንተም ገበሬውን ከካሴቱ ላይ ቆርጠኸዋል። የተቀበልነውን እኛ የፈጠርነው አናስመስል። ቅጹ ላይ መጀመሪያ ማን እንደሰጠ ጠይቅ።»

ዐረፍተ ነገሩን ሰረዝኩት፤ በዚህ ጊዜ መልሼ አልጻፍኩትም። በምትኩ «ቀረፃው የጣቢያው ነው፤ ዘፈኑ የባለቤቱ ነው» ብዬ፣ ከሥሩ «ዘፈኑን ያገኙት ከማን ነው?» የሚል ጥያቄና ባዶ መስመር ጨመርኩ። የመጀመሪያዋ እንግዳ መስመሩ አልበቃቸው ብሎ የእናታቸውን፣ የአክስታቸውንና የሁለት ጎረቤቶቻቸውን ስም ኅዳጉ ላይ ጻፉ።

ነገሩ ግን ስላላስቻለኝ፣ ከሁለት ወር በኋላ ፍርዱን ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አስወጥቼ አነበብኩት። ስለ ጠጁ የተባለው እንዳለ ይስፈር አይስፈር ማወቅ አልቻልኩም፤ የዚያ ገጽ ቅጂ ደብዝዟል። የመጀመሪያው ገጽ ግን በደንብ ይነበባል፤ የከሳሽ ጣቢያው ጠበቃ ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ «አቶ ውብሸት ታከለ» ይላል።