ሁለት ዘንዶ ያለበት ቴምብር

በአንድ ወቅት፣ ሰዓቱን በባቡሩ ፉጨት እናውቅ በነበረበት ዘመን፣ ድሬዳዋ ውስጥ ጋሼ ሀብተየስ የሚባሉ የፖስታ ቤት ጡረተኛ ነበሩ። ሚስትም ልጅም የላቸውም። ሀብታቸው የጥንት የጃፓን ቴምብሮች የሞሉበት አንድ ወፍራም አልበም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳቸው ላይ ሰብስበውን፣ ቴምብሮቹን በወረንጦ እያነሡ በአጉሊ መነጽር ሲያሳዩን፣ ከከተማችን ወጥተን የማናውቅ ሁሉ ባሕር የተሻገርን ይመስለን ነበር።

አንድ ቴምብር ግን ጎድሏቸዋል። የጃፓን የመጀመሪያው፣ ሁለት ዘንዶዎች ፊት ለፊት የሚተያዩበት።

«ጠርዙ ጥርስ የለው፣ ጀርባው ሙጫ የለው» ይሉናል። «በአንድ ገጽ የሚታተሙትን አርባ ቴምብሮች በመዳብ ሰሌዳ ላይ አንድ በአንድ በእጅ ስለቀረጿቸው፣ እንደ ሰው ፊት ሁለቱ አይመሳሰሉም።»

ከቅዳሜ ወዳጆቻቸው አንዱ ኢድሪስ ነው። አያቱ የጃፓን አቡጀዲ ይሸጡ ነበር። የአያቱ ሱቅ ሊፈርስ ሲል ዘመዶቹ አሮጌውን ወረቀት ሊያቃጥሉ ደጅ ከመሩት። ኢድሪስ አስቁሟቸው፣ ሁለት ቀን ተቀምጦ እያንዳንዱን ገለጠ። ከአንድ የጨርቅ ናሙና ደብተር ውስጥ ቡናማ ቴምብር ወደቀች። ለራሱ ሊያስቀራት ይችል ነበር፤ ወስዶ የጋሼ መዳፍ ላይ አኖራት።

«ጋሼ፣ የሚጠብቋት ይህች ትሆን?»

ጋሼ አልበማቸው ውስጥ አላስገቧትም። የዚህ ቴምብር አስመሳይ ከእውነተኛው ይበዛል። ይህን ጊዜ ሌላው የቅዳሜ ወዳጃቸው፣ ሰዓት ሠሪው ጎበና ተነሣ። ጃፓን ላሉ ሰብሳቢዎች ጽፎ የአርባዎቹን ፎቶግራፍ አስመጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ የዘንዶዎቹን ጥፍር ከጥፍር፣ ቅርፊቱን ከቅርፊት አስተያየ። አንድ ቅዳሜ መጥቶ «ከአርባዎቹ ሃያ ሦስተኛዋ ናት፤ አይጠራጠሩ» አለ። ጋሼ ቴምብሯን በመጀመሪያው ገጽ ላይ አኖሩና ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ።

በዓመቱ፣ ጋሼ ሐረር ሄደው ሳሉ፣ አንድ ማለዳ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መንደሩን ጣሰው። ጎረቤታቸው ምንትዋብ የራሷን ቤት ትታ በመስኮታቸው ገባች። አልበሙን በራሷ ላይ ተሸክማ፣ ውኃው ደረቷ ደርሶ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጣች። የረጠቡትን ቴምብሮች በመምጠጫ ወረቀት መሐል እያገላበጠች ሳምንት ሙሉ አደረቀች። የሟች እናቷን ብቸኛ ፎቶግራፍ ግን ጎርፉ ወሰደባት። ጋሼ ተመልሰው ለምን እንዲህ እንዳደረገች ሲጠይቋት፣ «እግሬ የሄደው ወደዚያ ነው» ከማለት በቀር አልመለሰችም።

ጋሼ ሀብተየስ ሲያርፉ ኑዛዜያቸው ተነበበ፦ «ሌላውን ኢድሪስ፣ ጎበናና ምንትዋብ ይካፈሉት። ዘንዶዎቹ ግን ከሦስቱ መካከል እርሱ ባይኖር ኖሮ ላገኛቸው ለማልችለው ሰው ይሁኑ።» የማን እንደሆኑ ስም አልጻፉም።

ሦስቱ በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

«ከእሳት ያወጣኋት እኔ ነኝ» አለ ኢድሪስ።

«እኔ ባልኖር፣ እንደተጠራጠሯት ይሞቱ ነበር» አለ ጎበና።

ምንትዋብ ደግሞ፣ «እኔ የእናቴን መልክ ከፍዬባታለሁ» አለች።

አልተጣሉም፤ አልተካሰሱም። እስከ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ይገናኛሉ፤ አልበሙ ግን እንደተዘጋ መሐላቸው አለ። እኔም ሦስቱንም ስለምወድ መፍረድ አቃተኝ። እናንተስ፣ ሰሚዎቼ፣ ዘንዶዎቹን ለማን ትሰጧቸው ነበር?