የተሳፈረው ብስክሌት

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን የከፈትሽ ቀን እንጀራሽን ትዘጊያለሽ» አለችኝ እናቴ፣ ከሰባተኛ ክፍል ትምህርቴን አቋርጬ ሥራ የገባሁ ጊዜ። እኔም ዝም ብዬ ኖርኩ።

የማጸዳበት ሆቴል ባለቤት አቶ ደርበው ግን አስለፈለፉኝ። ለአውሮፕላን ጉዞ የሚፈታታ ብስክሌት ገዝተው በሻንጣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ይዘውት መጡ። ማንም እንዳይነካው ብለው ሻንጣውን በትከሻቸው ሦስተኛ ፎቅ አወጡት። ግማሽ ቀን ሲገጥሙ ውለው አንድ ብሎን ጠፋ። ሠራተኛው መሳሳቁን ሲያዩ፣ ልጄን አዝዬ የምወለውለውን እኔን ጠሩ።

«ንገሪኝ፣ ይህን ብስክሌት መግዛት ያዋጣል አያዋጣም? ብትዋሺም ትባረሪያለሽ፣ ብትሰድቢኝም ትባረሪያለሽ!»

«ብስክሌቱንማ አዋጥቶታል ጋሼ፤ በአውሮፕላን በረረ፣ በባጃጅ ተሳፈረ፣ በእርስዎ ትከሻ ፎቅ ወጣ።»

ሳቃቸው አመለጣቸው፤ እንጀራዬም ተረፈች።

በሰው ሸክም የቀለድኩት እኔ፣ መሮጥ ከጀመረ ወር ያለፈውን ልጄን ደረጃው ላይ ከጀርባዬ አወረድኩት።