የሺመቤት የለመነቻት አንዲት ደቂቃ

የቀናተኞች ተረት አለኝ፤ እናንተ «እሺ» በሉ፣ እኔ ልቀጥል።

አገሩ ሁሉ በሚሰማው ሬዲዮ ጣቢያ የሺመቤት የምትባል የአየር ጠባይ ተናጋሪ ነበረች። ከሰባት ሰዓቱ ዜና በፊት አንድ ደቂቃ ብቻ አላት። በታኅሣሥ አንድ ቀን፣ ያልታሰበ ዝናብ ከሰዓት በኋላ እንደሚጥል ሰማች። የገበሬው ጤፍ ደግሞ ታጭዶ አውድማ ላይ ተከምሯል። በአንድ ደቂቃ የትኛውን አውራጃ ጠርታ የትኛውን ትተወው? ከእሷ በፊት ትረካ ወደሚያነቡት ወደ ጋሽ ደምሰው ሮጠች።

«ጋሽ ደምሰው፣ ከትረካዎ አንድ ደቂቃ ይስጡኝ፤ ደቂቃዋ ጤፉን ታድናለች።»

«አልሰጥም!» አሉ፣ ቅናት አንጀታቸውን እያሳረራቸው። «በለሆሳስ የማነበው እኔ በአሮጌ ማይክ፣ ኳስ ኳስ እያለ የሚጮኸው ግዛቸው በአዲሱ! አዲሱን ማይክ ይስጠኝና ደቂቃዋን ውሰጂ።»

ወደ ስፖርቱ ግዛቸው ሮጠች። «ግዛቸው፣ ማይኩን ለጋሽ ደምሰው ስጥ፤ ጋሽ ደምሰው ደቂቃ ይሰጡኛል፤ ደቂቃዋ ጤፉን ታድናለች።»

«አልሰጥም! ለእትዬ አረጋሽ የልጆች ደብዳቤ በጆንያ ይመጣል፤ ለእኔ ማን ጻፈልኝ? ልጆቹን ለእኔም ያስጽፉልኝና ማይኩን ውሰጂ።» ይህን ያህል ትልቅ ሰው በሕፃናት ደብዳቤ ቀንቶ ፊቱ ጠቁሯል።

ወደ ልጆች ፕሮግራሟ እትዬ አረጋሽ ሮጠች። «እትዬ፣ ልጆቹ ለግዛቸው ይጻፉ፤ ግዛቸው ማይኩን ለጋሽ ደምሰው ይሰጣል፤ ጋሽ ደምሰው ደቂቃ ይሰጡኛል፤ ደቂቃዋ ጤፉን ታድናለች።»

«አላስጽፍም! እኔ አሥር ሕፃን ይዤ በጠባቧ ስቱዲዮ እታፈናለሁ፤ ዜና አንባቢው መኳንንት ለብቻው በሰፊው ይንፈላሰሳል። ሰፊውን ይልቀቅልኝና ልጆቹ ይጻፉ።»

ጉድ እኮ ነው! እትዬ አረጋሽ አያስጽፉ፣ ግዛቸው ማይክ አይሰጥ፣ ጋሽ ደምሰው ደቂቃ አይሰጡ፣ ጤፉ አውድማ ላይ እንደተከመረ። ሰዓቱም ስድስት ተኩል አልፏል። ወደ መኳንንት ሮጠች።

«መኳንንት፣ ስቱዲዮውን ለእትዬ አረጋሽ ልቀቅ፤ እትዬ ልጆቹን ለግዛቸው ያስጽፋሉ፤ ግዛቸው ማይኩን ለጋሽ ደምሰው ይሰጣል፤ ጋሽ ደምሰው ደቂቃ ይሰጡኛል፤ ደቂቃዋ ጤፉን ታድናለች።»

«አለቅም! አንቺማ ጭራሽ አትለምኚኝ። እኔ በማን እንደምቀና ታውቂያለሽ? በአንቺ!»

«በእኔ? በአንድ ደቂቃ?»

«አባቴ ገበሬ ናቸው። አንቺን ሊሰሙ ሬዲዮ ይከፍታሉ፤ እኔ ልጃቸው ‹ጤና ይስጥልን› ስል፣ የባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅ ብለው ይዘጉታል። ሃያ ዓመት ዜና ሳነብ አንድ ቀን ሰምተውኝ አያውቁም።»

የሺመቤት አዘነችለት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «የአባትህስ ጤፍ የት ነው ያለው?» አለችው።

«አውድማ ላይ… ስልክም የላቸው!» አለና ብድግ አለ።

መኳንንት ስቱዲዮውን ለእትዬ አረጋሽ ለቀቀ፤ እትዬ ልጆቹን ለግዛቸው አስጻፉ፤ ግዛቸው ማይኩን ለጋሽ ደምሰው ሰጠ፤ ጋሽ ደምሰውም እያጉረመረሙ ደቂቃዋን ለየሺመቤት ሰጡ። እሷም አውራጃዎቹን አንድ በአንድ ጠርታ «ዝናብ መጣ፣ ክምራችሁን ሸፍኑ!» አለች። ለመኳንንትም ብላ «ሬዲዮናችሁን እንዳትዘጉ፤ መኳንንት ዜና ያነብላችኋል» ብላ ጨመረች። መኳንንት በጠባቧ ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ፣ እንደዚያ ቀን አሳምሮ አንብቦ አያውቅም።

ዝናቡ አሥር ሰዓት ላይ ወረደ። በማግሥቱ አባቱ ስልክ ፍለጋ ከተማ ወጥተው ደወሉ።

«ልጄ፣ ያቺን ሴት እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ጤፉን አንዲት ጠብታ አልነካችውም።»

«እሰይ! ሬዲዮኑንስ ዘጉት አባዬ?»

«ኧረ አልዘጋሁትም! አትዝጉ አላለችም እንዴ?»

የመኳንንት ልቡ ዘለለ። «ታዲያ ዜናዬ እንዴት ነበር?»

«እኔማ ክምሩን ልሸፍን ሮጥኩ። ሬዲዮኑን በሬዎቹ ዘንድ ትቼው ነው የሄድኩ፤ እነሱ እስከ መጨረሻው ሰምተውሃል።»

መኳንንት ስልኩን ዘጋ። ከዚያን ቀን ወዲህ በየሺመቤት መቅናቱን ትቶ በበሬዎቹ ይቀናል።