ብቻዋን የሰማችው መርዶ

ነይ ወዲህ ተጠጊ፣ ፍሬሕይወት። ጥቅምት ገብቷል። በጥቅምት አንድ አጥንት ይላሉ፤ አጥንቱ ቢጠፋ ይኸው እሸት ባቄላ አለልን፣ ያዥና አብረሽኝ ፈልፍዪ። እጅ ሲሠራ ጆሮ ይሰማል።

ቅድም የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። ባልሽን ቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል እንዲያስተምር ከድንበር ማዶ ሊልከው ነው፣ አንቺም ልትከተይው ነው። «አያቴ፣ ማንም በማያውቀኝ አገር ዘመድ የሚሆነኝ ሰው በምን አገኛለሁ?» አልሽኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ደግሞ ራስሽ መለስሽው። «ልብስ ስፌት ተምሬያለሁ፤ መድኃኒትም እይዛለሁ፤ እሰጣቸዋለሁ፣ ይወዱኛል» አልሽ። መስጠቱንስ ስጪ፣ ማን ከለከለሽ? ግን ይህችን ስሚኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እናቴ ያየችውን ነው የምነግርሽ።

አንድ ሰው ነበረ። ፈረንጅ ነው። ወንጌል ሊያስተምር ባሕር ተሻግሮ፣ ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን በበቅሎ አስቀምጦ ወደ አንድ የደጋ መንደር መጣ። ቆርቆሮ ቤት ሠራ፤ ዙሪያውን አጠረ፤ በሩ ላይ ደወል ሰቀለ። የታመመ ሰው ደወሉን ይጎትታል፣ ሰውዬው ይወጣል። ጠዋት ቁስል ያጥባል፣ ጥርስ ይነቅላል፤ እሑድ ያስተምራል። ሚስቱ ሕፃናት ትመዝናለች፣ ለኮረዶች መርፌ መያዝ ታሳያለች፣ ከሰዓት በኋላ የራሷን ልጆች በአገራቸው ቋንቋ ታስተምራለች። ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ክፉ አወራሁ እንዳይሆንብኝ። ሲሰጡ አይሰለቹም። ሳሙና ይሰጣሉ፣ ክር ይሰጣሉ፣ ቆላ ለሚወርድ የወባ ኪኒን ይሰጣሉ። ሰውም «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ ይሄዳል።

አዎ፣ ይሄዳል። ቁጭ የሚል የለም። አንዲት ባልቴት እንቁላል ብታመጣላት ሴትዮዋ፣ የሰውዬው ሚስት፣ ዋጋውን በእጇ አስይዛ ትሸኛታለች። ባልቴቲቱም ሁለተኛ አልመጣች። ምን ልትሆን ትምጣ? ገበያ የወጣች መሰላት እኮ።

ሴትዮዋ ቋንቋችንን አጥርታ ታውቃለች። «እንዴት አደራችሁ»ን፣ «እንዴት ዋላችሁ»ን ታውቃለች፣ ግን ሰላምታው ከአጥሩ አያልፍም። ማታ ማታ ደወሉ ጸጥ ሲል አራቱ በመብራት ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከማዶ የሰው ቤት ሳቅ ይሰማል። በስማቸው ጠርቶ «ኑማ» የሚላቸው የለም። አንድ ቀን ትንሿ ልጅ ከውጭ ገብታ፣ «እማ፣ ልጆቹ የማን ናችሁ ይሉናል። እዚህ አገር እኛ የማን ነን?» አለቻት። እናት ጸጉሯን አበጠረችላት።

እንዲህ ሳሉ የሴትዮዋ እናት በአገራቸው ሞተች። ወሬው ሦስት ወር ተጉዞ ደረሰ፤ ባልየው ሰማ። ምሳ ላይ ነበሩ። ማንኪያውን አስቀመጠና፣ «እናትሽ ዐርፈዋል» አላት። እጇን ይዞ ጸለየ። ከዚያ ደወሉ ተደወለ፤ እግሩን መጥረቢያ ያገኘው ሰው ነበር፤ ተነሥቶ ሄደ። ጨካኝ ሆኖ እንዳይመስልሽ። በነሱ አገር ያዘነን ሰው ብቻውን መተው አክብሮት ነው አሉ። አገሩ እንደ አመሉ።

እሷም በልቧ፣ «እነዚህ ሰዎች የራሳቸው መከራ መች አነሳቸው? እናቴን አያውቋት፤ ምን ብዬ አስቸግራቸዋለሁ» አለች። ጥቁር አልለበሰችም። የእናቷን ሻሽ ትራሷ ውስጥ ከተተች፤ በማግስቱ ወጥታ ሕፃን መዘነች።

አልቅሶ ያልወጣለት ሰው ምን እንደሚሆን ታውቂ የለ? ከሳች። መንደሩም፣ «ውሃው አልተስማማትም» አለ። እሷ ደግሞ፣ «ይህን ያህል ቁስላቸውን ሳጥብ ኖሬ፣ አንድ ሰው እንኳ ምን ሆነሽ ነው አይለኝም» አለች። ማን ይንገራቸው? ዓመት እንዲሁ ሄደ። በመጨረሻ ባሏን፣ «ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ልጆቹን ይዤ አገሬ እገባለሁ። አንተ ከፈለግህ ቅር። እኔ እዚህ መኖር አልቻልኩም» አለችው። ሳጥኖቹን ከአልጋ ሥር ጎትታ ዕቃ ማሰናዳት ጀመረች። ባልየው ሥራውን ጥሎ አይሄድ፣ ቤቱን ለሁለት አይከፍል፤ ሳጥኖቹን ያያል።

ሳጥኑ ሞልቶ መዘጋት ሲቀረው የአንድ ገበሬ እናት ሞተች። ጩኸቱ ተሰማ፤ ሴቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወረደ። ሴትዮዋ ምን እንደገፋት እንጃ፣ ያን ቀን መድኃኒት ሳትይዝ፣ ሳሙና ሳትይዝ፣ ባዶ እጇን ተከትላቸው ሄደች። ዳር ላይ ተቀመጠች። በዚያ መንደር አንዲት አስለቃሽ ነበረች፣ መበለት ናት፣ ድንጋይ ታስለቅሳለች የሚሏት። እሷ የሟቿን ደግነት ስትዘረዝር ሴትዮዋ በራሷ ቋንቋ «እናቴ!» እያለች ጮኸች። እንዲህ ያለ ለቅሶ ከሟች ልጆችም አልተሰማ። ሴቶቹ ዞረው አዩዋት።

አስለቃሿ አጠገቧ ሄዳ ተንበረከከች።

«አንቺ ሴት፣ ይህ ሁሉ ለእሷ ነው? የምታውቂያት ባልሽ ጥርሷን የነቀለላት ቀን አይደለም እንዴ?»

«ለእናቴ ነው።»

«ውይ! እናትሽ ሞታለች? መቼ?»

«ዓምና።»

«ማን አረዳሽ?»

«ባሌ።»

«ከነማን ጋር ሆኖ?»

«ብቻውን። ምሳ ላይ።»

«ምሳ ላይ!» አለች አንዷ። «ጉሮሮዋ ውስጥ እህል እያለ?» አለች ሌላዋ፤ እናቴ ናት ይህችኛዋ፣ አፏ አያርፍም ነበር።

አስለቃሿ ግን ተቆጣች። «ለምን አልነገርሽንም? እኛ ሞተናል?»

«እናቴን አታውቋትም ብዬ ነው።»

«አንቺን እናውቅሽ የለም ወይ! እኛ መግላችንን ስናሳይሽ አላፈርንብሽም፤ አንቺ እንባሽን ልታሳዪን አፈርሽብን?»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሟ ማን ነበር? ምን ትሠራ ነበር?» አለቻት። ሴትዮዋም ነገረቻት። ባሕር ዳር የምትኖር፣ ለዓሣ አጥማጆች የተቀደደ መረብ የምትጠግን ሴት ነበረች።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ መንደሩ ከአጥሩ ደጅ ቆመ። ደወሉን የነካው የለም። የመንደሩ ሽማግሌ ተጣሩ። ባልየው ምጥ የያዛት ሴት አለች ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

«ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመ፣ ሐኪም። ሚስትህን ቀስቅስልን። መርዶ ይዘን ነው።»

«የእናቷን ከሆነ እኮ ሰምታለች። ዓመት ሆነው።»

«አልሰማችም» አሉት ሽማግሌው። «መርዶን ብቻውን የሰማ አልሰማም።»

ወጣች። ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን ቆሟል። ሽማግሌው እናቷን በስሟ ጠርተው፣ ዛሬ የሞተች ይመስል፣ አረዷት። አውቃው የኖረችውን ነገር ነው እኮ፣ ልጄ! ግን እንደ አዲስ ጮኸች፤ ስትወድቅም መሬት አልነካችም፣ በሴቶቹ እጅ ላይ ነው የወደቀችው። አስለቃሿም፣ ባሕር አይታ የማታውቀው ሴት፣ ስለ ባሕርና ስለ መረብ አወረደችው። ከዚያ ሁሉ እናቴ ያስታወሰችው ይህን ብቻ ነው፤

«መልክሽን ሳናውቀው፣ ደጅሽን ሳንረግጥ፣
ልጅሽን አቅፈናል፣ አንጀትሽ አይቆረጥ።»

ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ ቤት እሳት አልነደደም። ንፍሮው ከዚህ ቤት፣ እንጀራው ከዚያ ቤት ይመጣል። ባልየው፣ «በምን እከፍላችኋለሁ?» ቢላቸው ሳቁበት። «ቆይ፣ እኛም እንሞታለን፤ ያኔ ትከፍላለህ» አሉት።

ያቺ እንቁላል ያመጣች ባልቴት እንደገና መጣች። ሴትዮዋ በሁለት እጇ ተቀበለቻት፣ አጠገቧም አስቀመጠቻት፤ ዋጋ አላነሣችም። ናፍቆቷ አለቀ ብዬ አልዋሽሽም። የባሕር ሰው በተራራ ላይ ናፍቆት አይለቀውም፤ ማታ ማታ በር ላይ ትቆም ነበር አሉ። ግን ሳጥኑን ፈታች።

አየሽ፣ ፍሬሕይወት? ያቺ ሴት አንቺ ነሽ። ሳሙናውና ክሩ አሁን ሻንጣሽ ውስጥ የምትጠቀጥቂው ነው። አጥሩን ደግሞ እዚያ ስትደርሺ ሳታውቂው ታጥሪዋለሽ፤ «ላላስቸግራቸው» የሚሉት ነገር ነው አጥሩ። የሰጠሽው ሰው ያመሰግንሽና ይሄዳል። ያንቺን ሸክም ያሸከምሽው ሰው ግን ወዴት ይሄዳል? ሸክምሽ እጁ ላይ ነው። ስለዚህ እዚያ ስታለቅሺ ትራስ ውስጥ አታልቅሺ። የኔም መርዶ ይመጣብሻል፣ አትቆጪኝ፣ አርጅቻለሁ እኮ። ያን ቀን ምሳ ላይ ሆነሽ ብቻሽን እንዳትሰሚው። ከሄድሽበት ቀን ጀምሮ ስሜን ለጎረቤትሽ ንገሪያት። ባቄላ ትፈለፍል ነበር በያት።

ሰዎቹማ ምን ሆኑ መሰለሽ። ባልየው ከብዙ ዘመን በኋላ ቆላ ወርዶ የያዘው ወባ ገደለው፤ እዚያው ተቀበረ፣ ወንዱ ሁሉ ተሸከመው። ትልቋ ልጅ አገሯ ገብታ አገባች። ትንሿ፣ «የማን ነሽ?» ሲሏት በጣቷ የአስለቃሿን ጎጆ ስታሳይ አደገች፤ በኋላ እሷም ወደ ሌላ አገር ተላከች። ሴትዮዋ እርጅና ሲይዛት ትልቋ ልጇ አገሯ ወሰደቻት። ጎረቤት ሳያስታውቅ በማይመጣበት ከተማ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትቀመጥ ነበር ይባላል፤ እዚያው ሞተች።

ወሬው መንደር ሲደርስ ሽማግሎቹ ተሰብስበው፣ «ማንን እናርዳ?» ተባባሉ። ዘመዶቿ ሁሉ ባሕር ማዶ ናቸው። ጎሕ ሲቀድ ሄደው አስለቃሿን አረዷት።