ዝም ያለው ጎማ

አንድ ደምለው የሚባል ሾፌር ለመኪናው ርካሽ ጎማ ገዝቶ አስገጠመ። ሚስቱ እናኑ ከተማው ሆስፒታል ወልዳ ነበርና፣ በአዲሶቹ ጎማዎች የመጀመሪያ ጉዞው እሷንና አራስ ልጁን ወደ ቤት ማምጣት ሆነ።

ገና አስፋልቱን ሲይዙ ጎማው እንደ ንብ ቀፎ ማጉረምረም ጀመረ። ደምለው አልወደደውም። "ጎማ ገዛሁ ስል ጩኸት ገዝቻለሁ!" አለ። ሕፃኑ ግን ድምፁ እሹሩሩ ሆኖለት እናቱ እቅፍ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው።

እናኑም ከኋላ ወንበር ሆና ታጉረመርም ጀመር።

"ቀስ በል እንጂ ደምለው! የዚህን ጎማ ጠባይ እንኳ ገና አላወቅከውም።"

"አንቺ ደግሞ! እሱ ከታች፣ አንቺ ከኋላ፣ የማንን ልስማ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል አልሰማሽም?"

እናኑ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች።

ተራራው አናት ላይ ሲደርሱ ጉም ተቀበላቸው። ዝናብም ተከተለ፤ መንገዱ ላይ ውሃ ተኛበት። ዛፎቹ ጠፉ፣ ሰማይና ምድር አንድ ሆኑ። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ጎማው ድንገት ዝም አለ። መንገጫገጩም ቀረ። ደምለው በደመና ላይ የሚሄድ መሰለው። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ደስ የሚል መንገድ ነድቶ አያውቅም። "እፎይ፣ ተገራልኝ!" አለና ነዳጁን ጫን አደረገ።

ይሄኔ ሕፃኑ እሪ ብሎ ነቃ።

"ምን ነካው?" አለ ደምለው።

እናኑ ጆሮዋን ጣል አድርጋ አዳመጠች። "እሹሩሩው ቆመበት" አለች። "ደምለው፣ ጎማው ለምን ዝም አለ?"

ደምለው መሪውን ትንሽ ወደ ግራ አዞረ። መኪናው አልሰማውም። ጎማዎቹ መንገዱን ለቀው ውሃው ላይ ተንሳፈዋል። ከፊታቸው መታጠፊያ አለ፤ ከመታጠፊያው ማዶ ገደል ነው። ፍሬን ቢይዝ መኪናው እንደሚሽከረከርበት ያውቃል። እግሩን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ።

የመኪናው ፍጥነት እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ያ ማጉረምረም ከታች ተመልሶ መጣ። ደምለው ከዚያን ቀን በፊት እንዲህ የሚጥም ድምፅ አልሰማም። መታጠፊያውን ዞረና ዳር ይዞ ቆመ።

"እናኑ" አለ ዞር ብሎ፣ "በሞቴ ተናገሪ። ቤት እስክንገባ ዝም እንዳትዪኝ።"

"ቀስ በል ነዋ! ሌላ ምን አለኝ?" አለችው፤ እንባዋ ልጇ ግንባር ላይ ወረደ።

ወዳጆቼ፣ የሚያጉረመርም ጎማ መንገድ የያዘ ጎማ ነው። የሚያጉረመርምብን ሰውም ገና አልለቀቀንም። እኛ ግን በመጀመሪያው ቀን ድምፁን ሰምተን እንፈርድበታለን፤ ዝም ሲል ደግሞ ሰላም ወረደ ብለን ነዳጅ እንጨምራለን። እስኪ ቤታችሁን አስቡት። ትናንት ሲቆጣችሁ፣ ሲመክራችሁ፣ ሲነዘንዛችሁ የነበረ፣ ዛሬ ግን ምንም የማይላችሁ ሰው አለ? ዝም ያለው ረክቶ ነው ወይስ ለቋችሁ?