ያለ ፊርማ የተደረገ አፕዴት

አንድ ቀን ኮምቦልቻ ውስጥ፣ በአንድ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ ይመር አበጋዝ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ጥፋቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ የሥራ አስኪያጁን ኮምፒውተር ያለ ፊርማ አፕዴት አድርጓል የሚል ነው። ሰረቀ አላሉትም፣ ሰክሮ ገባም አላሉትም። ጠገነ ነው ያሉት። በዚያ ቤት ደግሞ ከሰረቀው ይልቅ የሚያስፈራው የጠገነው ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌጡ መንበሩ ይባላሉ። እሳቸው የማያውቁት ነገር የለም። ሐኪም ሲያገኙ ስለ ኩላሊት ያስረዱታል፣ ሹፌር ሲያገኙ ስለ ፍሬን ያስተምሩታል። ስለ ኮምፒውተር ደግሞ አንድ የጸና እምነት አላቸው፤ ጤነኛ ዕቃ አይነካም። ይመር በበኩሉ፣ ኢንተርኔት የሚከፈትበት ብሮውዘር የሚባለው ፕሮግራም በየጊዜው ቀዳዳ እንደሚገኝበት፣ ሠሪዎቹም ቀዳዳውን የሚደፍን አፕዴት እንደሚልኩ፣ እሱ ካልተጫነ ሌባ በዚያው ሰተት ብሎ እንደሚገባ ስንት ጊዜ አስረድቷቸዋል። ባስረዳቸው ቁጥር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉና፣

«በየወሩ የሚጠገን ነገር መጀመሪያውኑ በሽተኛ ነው። የእኔ ኮምፒውተር ከተገዛ ጀምሮ አንድ ቀን አስነጥሶ አያውቅም» ይሉታል።

በዚህ ቢያበቁ ጥሩ ነበር። አላበቁም። «ማንኛውም አፕዴት በሥራ አስኪያጁ ፊርማ ካልጸደቀ በስተቀር እንዳይደረግ» የሚል፣ ቁጥርና ማኅተም ያረፈበት መመሪያ አወጡ። ይመር ምን ያድርግ፣ መጠየቂያ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። አፕዴት በመጣ ቁጥር ቀዳዳው የት እንዳለ፣ በዚያ በኩል ምን ሊገባ እንደሚችል እየዘረዘረ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ለአሥራ አንዱም ያገኘው መልስ በቀይ እስክሪብቶ ጥጉ ላይ የተጻፈች አንዲት ቃል ናት፤ «ይቆይ»።

ይህን ሁሉ ቀይ ቃል በእጃቸው የሚጽፉት ሰውዬ ለሌላው ደብዳቤ መፈረም ግን ይሰለቻቸዋል። ስለዚህ ፊርማቸውንና የማኅበሩን ማኅተም ስካን አስደርገው፣ እዚያው ኮምፒውተራቸው ላይ አስቀምጠው፣ ደብዳቤ ሲወጣ ለጠፍ ያደርጉታል። ይመር ይህም አደጋ እንዳለው ቢነግራቸው፣ «በር ላይ ዘበኛ አለ እኮ» አሉት።

ደግሞ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ዘመዳቸው፣ ኮምፒውተር ጠፍቶ ሲነሳ ራሱን አፕዴት ያደርጋል ብሎ ሹክ አላቸው። ከዚያ ወዲህ አቶ ጌጡ ኮምፒውተራቸውን አጥፍተው አያውቁም። የዓመት ፈቃድ ሁለት ሳምንት ሲወጡ እንኳ፣ ያገለገሉ መኪናዎች ማስታወቂያ ሲያዩበት የነበረውን ገጽ እንደተከፈተ ትተውት፣ በሩን ቆልፈው፣ ከመዝጊያው እስከ መቃኑ ወረቀት ለጥፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተም መትተው ሄዱ። ቁልፉን ለማንም አልሰጡም። ኢንተርኔት በበር የሚገባ መስሏቸው ነው።

ሲመለሱ መጀመሪያ ወረቀታቸውን አጎንብሰው መረመሩ። አንድ ጭረት አልነበረበትም። ቀደዱትና ገቡ። ብሮውዘሩን ዘግተው ሲከፍቱት ግን «አዲሱ እትም ተጭኗል» የሚል ጽሑፍ ጠበቃቸው። ደም ሥራቸው ተገታተረ። ይመርን አስጠሩት። ይመር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ አንድ ሰዓት ያህል ሲመረምር ቆየና የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለው። አንድ ነገር ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት፣

«የምትናገረውን ለኮሚቴው ትናገራለህ» ብለው አስወጡት።

ሲወጣ ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ወረቀት አየ። የራሱ የስንብት ደብዳቤ ነው፤ ተጽፎ አልቋል፣ የቀረው ቀኑን መሙላት ብቻ ነው። ይመር በዚያ ቤት ስምንት ዓመት ሠርቷል፣ ሁለት ልጆች ያሳድጋል። መባረሩ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ባለ ነገር መባረሩ አንገበገበው። በሚቀጥለው ሥራ ለምን ወጣህ ሲሉት ምን ሊል ነው?

ኮሚቴው በማግስቱ ጠዋት ጎማ በሚከመርበት ዕቃ ግምጃ ቤት ተሰበሰበ፤ የስብሰባ አዳራሹ ጣራ ያፈሳል፣ መጠገኛው ገና አልጸደቀም። ሰብሳቢዋ የሰው ሀብት ኃላፊዋ ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው። ከጎናቸው የባለንብረቶቹ ተወካይ ሐጂ ሰይድ ተቀምጠዋል። አቶ ጌጡ ከሳሽ ናቸው፣ የስንብት ደብዳቤውንና ቀይ እስክሪብቷቸውን ፊታቸው ደርድረዋል።

«ይመር፣ የሥራ አስኪያጁን ኮምፒውተር ያለ ፊርማ አፕዴት አድርገሃል ተብለሃል። የእምነት ክህደት ቃልህን ስጥ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

«እኔ አላደረግሁም።»

«ታዲያ ኮምፒውተሩ እጅ አወጣ?» አሉ አቶ ጌጡ። «ዓመቱን ሙሉ አፕዴት አፕዴት እያለ ሲነዘንዘኝ የከረመው ማን ነው? በዚህ ግቢ ከእሱ ሌላ ይህን ቃል አጥርቶ የሚጠራ ሰው የለም።»

«አቶ ጌጡ፣ ሦስት ነገር ብቻ ልጠይቅዎት» አለ ይመር። «ከፈቃድ ሲመለሱ በሩ ላይ የለጠፉት ወረቀት እንዴት ነበር?»

«እንደለጠፍኩት። ፊርማዬም ማኅተሜም ንክች አላለም።»

«ቁልፉስ?»

«ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።»

«እኔ ከክፍሌ ሆኜ የእርስዎን ኮምፒውተር መንካት እችላለሁ?»

አቶ ጌጡ ደረታቸውን ነፉ። «ከየት አምጥተህ? ከአንተ ክፍል ወደ እኔ ኮምፒውተር የሚመጣውን መስመር አምና በደብዳቤ አስቆርጬዋለሁ።»

«ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ» አለ ይመር።

ወይዘሮ ትርንጎ ጻፉ። ሐጂ ሰይድ ጢማቸውን እየዳሰሱ ሲያዳምጡ ቆይተው ግራ ገባቸው።

«በሩ ከታሸገ፣ ቁልፉ ከእሳቸው ኪስ ካልወጣ፣ አንተም ከሩቅ የማትደርስበት ከሆነ፣ ማን አደረገው ታዲያ? ጂን ነው?»

«ሌባ ነው፣ ሐጂ።»

ይመር ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ኮምፒውተሩ የተደረገበትን ሁሉ ሰዓቱን ጭምር መዝግቦ አስቀምጧል። ትናንት ልነግራቸው ስል አስወጡኝ። ፈቃድ በወጡ በሦስተኛው ቀን፣ ተከፍቶ በተተወው ገጽ ላይ በሚቀያየሩት ማስታወቂያዎች አሳብሮ ሌባ ገብቷል። የገባበትን ቀዳዳ በአሥራ አንደኛው ደብዳቤዬ ላይ ጽፌዋለሁ። ‹ይቆይ› የተባለው እሱ ነው።»

አቶ ጌጡ ሳቁ። የሰው ምስክር ፍለጋ ወደ ሁለቱም ዞሩ። «እስቲ ስሙልኝ። ሌባ ገብቶ ይሰርቃል እንጂ ይጠግናል? ቤት ሰብሮ ገብቶ በሩን አድሶ የሄደ ሌባ በዕድሜያችሁ አይታችኋል?»

«የሚሄድ ሌባማ አያድስም» አለ ይመር። «ይሄኛው ግን አልሄደም፤ ትናንት ገመዱን እስክነቅልበት ድረስ ተመችቶት ተቀምጦ ነበር። ተከትሎት ሌላ ሌባ እንዳይገባበት ነው ቀዳዳውን የደፈነው። እኔ አሥራ አንድ ጊዜ ለምኜ ያጣሁትን እሱ በገባበት ቀን ጨረሰው። አቶ ጌጡ፣ በዚህ መሥሪያ ቤት ለኮምፒውተርዎ የተቆረቆረ ሰው ቢኖር ሌባው ነው።»

ሐጂ ሰይድ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ ይታያል። አቶ ጌጡ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፣ አወረዱ፣ መልሰው ሰቀሉ። ሌላው ሁሉ ሲጠፋባቸው መመሪያቸው ትዝ አላቸው።

«ይሁን፤ ሌባም ይሁን» አሉ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ። «መመሪያ መመሪያ ነው። በዚህ ቤት ያለ እኔ ፊርማ ማንም አፕዴት ማድረግ አይችልም። ማንም!»

ይመር ወረቀቱን ዘርግቶ ወይዘሮ ትርንጎ ፊት አስቀመጠው።

«መመሪያውንስ አክብሯል፣ አቶ ጌጡ። እዚሁ ይነበባል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ፊርማዎንና ማኅተሙን ወሰደ፤ አፕዴቱን ያደረገው አራት ሰዓት ከሩብ ነው። ፊርማዎን ሳይዝ ምንም አልነካም።»

ወይዘሮ ትርንጎ አንብበው ሲጨርሱ የስንብት ደብዳቤውን ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ የአቶ ጌጡን ቀይ እስክሪብቶ አነሡና ጥጉ ላይ «ይቆይ» ብለው ጻፉበት።